ደብረወርቅ የመረጠችው ባትሪ

ወረታ ውስጥ ስልኩ የሞተበት፣ የፀሐይ መብራቱ የደከመበት፣ ሬዲዮው ማንኮራፋት የጀመረበት ሰው መጨረሻው ደብረወርቅ ጥሩሰው ዘንድ ነው። መጀመሪያ ሌላ ቦታ ይሞክር ይሆናል። ዞሮ ዞሮ ግን ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ የሩዝ መፈልፈያ መካከል ወደተሰነቀረችው የቆርቆሮ ሱቅ ይመጣል። መፈልፈያው ሲነሳ ጠረጴዛዋ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ጥቃቅኑን ብየዳ ጎረቤቷ ማሽኑን እስኪያጠፋ ታቆየዋለች። ደንበኛው ቢቸኩልም ባይቸኩልም ለእሷ ያው ነው።

ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የማይሆነውን «አይሆንም» ትላለች፤ የሚሆነውን «ነገ በስድስት ሰዓት» ትላለች፤ በማግስቱ በስድስት ሰዓት ደግሞ ዕቃው ተሠርቶ ይገኛል። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ሬዲዮው ወሬ አልያዝ እንዳለው ነግሯት፣ ከፍታ ዐየችና «ሬዲዮህ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ጣቢያው ነው፤ ማታ ሞክረው» ብላ መልሳ ሰጠችው። ማታ ያዘለት።

ይህ ልበ ሙሉነት ከአባቷ የወረሰችው ነው። አባቷ ጥሩሰው በቁሐር ሚካኤል ዳርቻ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነበር። ገበሬው ማረሻው ሲዶለዱምበት ጥሩሰውን «ወንድሜ» ይለዋል፤ ማረሻው ተስሎ ከተመለሰ በኋላ ግን ቤቱ አስገብቶ «ና ቁጭ በል» የሚለው ጥቂት ነበር። በልጅነቷ ወናፉን የምትነፋው ደብረወርቅ ነበረች። አባቷ አንድ ማረሻ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ጥያቄ ታስታውሳለች፤ «መሬትህ ዋልካ ነው ወይስ ቀይ አፈር? የበሬዎችህስ ጉልበት ምን ያህል ነው?» ይላል። አንዳንዴም መልሱን ስለማያምን ራሱ ሄዶ በሬውን ያያል።

እንግዲህ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አያልነህ የሚባል ሹፌር ረዥም ካርቶን ታቅፎ ሱቋ ገባ። አያልነህ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ጭምት ሰው ነው። ለሩዝ ጥናት የሚመጡ የውጭ ባለሙያዎችን ሲያመላልስ ብዙ ዘመን ኖሯል።

«ደብሬ፣ ይችን ነገር ታውቂያታለሽ?» አለና ካርቶኑን ከፈተው።

ውስጡ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ሄሊኮፕተር ተኝቷል። ከላይ ሁለት ቀጫጭን ክንፎች፣ ከኋላ ጭራው ላይ ትንሽ ሽክርክሪት፣ ከሥር እንደ በረዶ መንሸራተቻ የተቆለመሙ ሁለት እግሮች አሉት። አጠገቡ አንቴና ያለው መቆጣጠሪያ አለ።

«የልጅ መጫወቻ ነው?» አለችው።

«እሱማ የትልቅ ሰው ነው። እኔ የማመላልሰው ጃፓናዊ ነበር ባለቤቱ። እሑድ እሑድ ግጦሽ ሜዳው ላይ ያበረው ነበር። ሦስት ዓመት አስተማረኝ። ስንት ጊዜ ሰበርኩበት መሰለሽ! አንድም ቀን አልተቆጣኝም። አገሩ ሲገባ 'ካንተ በቀር የሚያበረው የለም' ብሎ ትቶልኝ ሄደ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

አያልነህ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ባትሪው ነበር፤ ጎኖቹ እንደ ተነፋ ስልቻ አብጠዋል። ሊሰካው ሽቦውን ሲፈልግ እጁን ያዘችው።

«ጋሼ፣ ይኼ የትም አይሰካም።»

«ትንሽ ነው እኮ ያበጠው።»

«ሊቲየም ትንሽ ካበጠ ሞቷል ማለት ነው። ቢቀጣጠል ሱቄንም እርስዎንም ይዞ ነው የሚሄድ።» ተነሥታ ከሱቋ ደጅ፣ አሸዋ የሞላ የሸክላ ድስት ውስጥ አስቀመጠችው። ድስቱን ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ለዚሁ ጉዳይ ያሠራችው ነው፤ ወፍራም፣ አፈ ሰፊ ድስት ነው። የማታምነውን ባትሪ ሁሉ እዚያ ታሳድረዋለች።

አያልነህ ሄሊኮፕተሩን የፈለገው ለወፍ ነበር። አያ ማሩ ከሚባሉ ሽማግሌ ጋር በእኩል የሚያርሰው የሩዝ ማሳ ቁሐር ሚካኤል አለው። ጥቅምት ሲገባ ሩዙ ሲያፈራ ወፉ እንደ ደመና ይወርድበታል። በወንጭፍ ሲጠብቅ የሚውል ሰው ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮኻል፤ ወፉ ግን ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ያርፋል። «ይኼ ነገር አናቱ ላይ ቢጮህበት ግን አገር ለቆ ይሄዳል» አለ አያልነህ። «ባትሪ ብቻ ፈልጊልኝ።»

ደብረወርቅ መጀመሪያ ያደረገችው የምታውቀውን ነበር። ከሞቱ ላፕቶፖች የምታወጣቸው፣ አውራ ጣት የሚያካክሉ ክብ ሴሎች አሏት። የገጠሩን መብራት ሁሉ ያቆመችው በእነሱ ነው። ሦስቱን መርጣ፣ አከታትላ በየደችና ቴስተሯን አስነካቻቸው፤ አሥራ ሁለት ቮልት ከምናምን አሳየ። ተያይዘው ከከተማው ጫፍ ወዳለው ሜዳ ወጡ።

ሄሊኮፕተሩ ክንፉን አሽከረከረ። ሣሩ ተኛ። አንድ ስንዝር ያህል ከመሬት ተነሣ፤ ከዚያ ድምፁ ቀጠነ፣ እንደ ደከመ ንብ አቃሰተና ቁጭ አለ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ደብረወርቅ ቴስተሯን እንዳስነካች አያልነህ ሞተሩን ሲያስነሣ ቁጥሩ ከአሥራ ሁለት ወደ ዘጠኝ ሲወርድ ዐየች። ሞተሩ ሲቆም ተመልሶ ወጣ።

«ተሳስቻለሁ» አለች ቀና ብላ። «እነዚህ ሴሎች ጉልበት አላቸው፤ አፋቸው ግን ጠባብ ነው። እንስራ ሙሉ ውሃ በጠባብ አፍ ሲቀዳ እንደማለት ነው። መብራት በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚጠጣ፤ ይኼ ጉድ ግን ባንድ ትንፋሽ ነው የሚጨልጥ።»

«እና አይሆንም ማለት ነው?»

«በእነዚህ አይሆንም። በሌላ ይሆናል።»

በማግስቱ ያበጠውን ባትሪ ከአሸዋው አወጣችና ከሱቋ ፊት ለፊት ባለችው ቅመም ሻጭ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። መቶ ሰማንያ አምስት ግራም ሆነ። በሄሊኮፕተሩ አፍንጫ ውስጥ ባትሪው የሚተኛበትን ጉድጓድ በሲባጎ ለካች። በባትሪው ልጣፍ ላይ የደበዘዘውን ጽሑፍ በስልኳ መብራት እያዘነበለች አነበበች። በውስጡ ሦስት ሴሎች ነበሩ፤ በድምሩ አሥራ አንድ ነጥብ አንድ ቮልት። ከዚያ የሚይዘውን መጠን የሚናገር ቁጥር አለ፤ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ። ከሁሉም በታች ሃያ አምስት የሚል ቁጥርና «ሲ» የሚል የላቲን ፊደል አለ። ትናንት ያሸነፋት ይህ የመጨረሻው ቁጥር መሆኑን ያኔ ተረዳች። የአፉን ስፋት የሚናገረው እሱ ነው፤ ባትሪው የያዘውን በምን ያህል ፍጥነት መስጠት እንደሚችል። አራቱንም ነገር በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈች፤ ሴል፣ መጠን፣ አፍ፣ ክብደት። ካርቶኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ባሕር ዳር አንድ ካሜራና የሚበሩ መጫወቻዎች የሚሸጥ ወጣት ነጋዴ አራት ባትሪ ከመስታወቱ ውስጥ አውጥቶ ደረደረላት። አንደኛው ሁለት ሴል ብቻ ያለው ነበርና ሳትነካው ወደ ጎን አለችው። «ይኼ ክንፉን ያዞረዋል እንጅ አያነሣውም።» ሁለተኛው እንደ ጡብ የከበደ፣ መጠኑ አምስት ሺህ የሚል ነበር።

«እሱን ውሰጂ እህቴ» አለ ነጋዴው። «ከእጥፍ በላይ ነው የሚይዘው። ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚወስደው።»

«ለምንድን ነው የሚወስዱት?»

«ለመኪና፣ ለጀልባ... ለሁሉም።»

«መኪና መሬቱ ይሸከምለታል፤ ጀልባ ውሃው ይሸከምለታል። የኔን የሚሸከምልኝ የለም፤ ራሱን ነው የሚሸከም።» ባትሪውን በመዳፏ መዘነችውና መለሰችለት። «አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ለበሬው የከበደ ማረሻ መሬቱን ሳይሆን በሬውን ያርሳል ይል ነበር።»

ነጋዴው ሳቀ፤ ግን ወንበር ሳበላት። የቀሩት ሁለቱ ባትሪዎች በመልክም በቁጥርም አንድ ነበሩ፤ በካርቶኗ ላይ ከጻፈችው ጋር ልክ ይገጥማሉ። ነጋዴው አንዱን በከረጢት ሊጠቀልል ሲል «ቆይ» አለችና ቴስተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ከወፍራሞቹ ሁለት ሽቦዎች ሌላ፣ ከባትሪው ጎን የሚወጡ ቀጫጭን ሽቦዎች ነጭ ሶኬት ውስጥ ተሰብስበው ነበር። በእነሱ በኩል ሦስቱን ሴሎች አንድ በአንድ ለካች። በአንደኛው ባትሪ ሦስቱም ሴሎች እንደ መንትያ እኩል ሆኑ፤ ሦስት ነጥብ ስምንት። በሁለተኛው ግን ሁለቱ ሦስት ነጥብ ስምንት ሲሆኑ አንዱ ሦስት ነጥብ አንድ ላይ ቀረ።

«ይኼኛው አንድ ልጁ ታሟል» አለችው። «ከሸጥኸው ሳምንት ሳይሞላው ያብጣል። መልሰው።»

ነጋዴው ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ ዐየ። «ማንም እንዲህ ለክቶብኝ አያውቅም» አለ።

ስለዚህ አንድ ባትሪ ብቻ ገዝታ ተመለሰች፤ ሦስቱን ሴሎች እኩል እያደረገ የሚሞላ፣ ከመኪና ባትሪም የሚሠራ ቻርጀርም ጨመረች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ሰካችው። ሄሊኮፕተሩ ወዲያው ሽቅብ ተመዘዘ። አያልነህ ሁለት ዓመት ሳያበር ስለቆየ ጣቶቹ መጀመሪያ ተደናበሩ፤ ቆይተው ግን ትዝ አላቸው። ደብረወርቅ ወደ ላይ አላየችም፤ የምታየው ሰዓቷን ነበር። ሰባት ደቂቃ በረረ። ሲወርድ ባትሪውን ዳሰሰችው፤ ለብ ብሏል እንጅ አልጋለም።

«ስድስት ደቂቃ ሲሆን ይወርዳል» አለች። «ሰባተኛዋ የባትሪው ነች፤ አንነካባትም።»

ቀበሌውም ሚሊሻውም እንዲያውቁት ሄደው አሳዩአቸው። ካሜራ እንደሌለው አገላብጠው ዐዩና ለወፍ ከሆነ ይሁን አሉ። ደብረወርቅ ባትሪውን ግማሽ አድርጋ ሞልታ ለጥቅምት አስቀመጠችው። ሊቲየም ሙሉውን ሆኖ ከከረመ ይበላሻል።

ጥቅምት ሳይደርስ ግን ነሐሴ መጣ።

የዚያ ዓመት ክረምት ከባድ ነበር። በነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ወንዙ ክትሩን ጥሶ በወረታ ዙሪያ ያለውን የፎገራን ሜዳ ሞላው። ለፎገራ ሰው ውሃ እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ ይመጣል፣ ሩዙን አጠጥቶ ይሄዳል። የዚያን ቀን ግን ውሃው አዲስ መንገድ ቆፈረ። አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ አያልነህ ፒክ አፑን ሱቋ ደጅ አቁሞ ሳይወርድ ጠራት።

«ደብሬ! ባትሪው ሙሉ ነው?»

«ግማሽ ነው። ምን ሆነ?»

«ውባንቺ፣ የአያ ማሩ ልጅ፣ ከሁለት ልጆቿ ጋር ጉብታው ላይ ቀርታለች። ባሏ ባሕር ዳር ነው። በቤቷና በእኛ መካከል ጎርፉ አዲስ ቦይ ሠርቷል። ታንኳ አላሻግር አለ፤ ዛሬ ጠዋት አንዱን ገልብጦታል።»

«ሞተር ጀልባስ?»

«ነገ ይደርሳል ነው የሚሉት። ውሃው ግን እየጨመረ ነው። ያንድ ገመድ ጫፍ ከወዲያ ቢደርስ ታንኳውን ገመዱን ይዘን እናሻግረው ነበር። ወንጭፍ ሞከሩ፤ አልደረሰም።» አጠገቡ ወንበር ላይ ያለውን ካርቶን መታ መታ አደረገው። «ይኼ ክር ይሸከማል ብዬ ነው።»

ደብረወርቅ ሌላ አልጠየቀችም። ሱቋን ለልብስ ሰፊው አደራ ብላ፣ ባትሪውን ከነአሸዋ ድስቱ ታቅፋ ገባች። ቻርጀሩን ከፒክ አፑ ባትሪ ጋር አገናኘችና ድስቱን በጉልበቶቿ መካከል ይዛ ተቀመጠች። ወደ ቁሐር ሚካኤል የሚወስደው መንገድ ጭቃ ነበር። መኪናው በተንሸራተተ ቁጥር ድስቱን ጭምቅ ታደርገዋለች። ሲደርሱ ቻርጀሩ ሙሉ ነው ብሎ ጮኸ።

ከጎርፉ ዳር ሠላሳ የሚሆን ሰው ቆሟል። ጠዋት ታንኳው የተገለበጠበት በላቸው፣ በፎገራ ውሃ ላይ ያደገ ቀዛፊ፣ ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ከፊታቸው ሰባ ሜትር የሚያህል ቡናማ ውሃ ቁጥቋጦ እየነቀለ ይሮጣል። ከማዶ፣ ሾላ ዛፍ ሥር፣ ውባንቺ አንዱን ልጇን አዝላ፣ ሌላዋን በእጇ ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ ያለው ቤት አንድ ግድግዳው ተንዷል። ላሞቹ ወደ ጉብታው አናት ተጠጋግተዋል።

አያ ማሩ በትራቸውን ተደግፈው ቀረቡ። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ረዥም፣ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው።

«አንቺ የጥሩሰው ልጅ አይደለሽምዴ?»

«ነኝ፣ አያ ማሩ።»

«ልጄ ውሃ ሊበላት ነው፤ አሻንጉሊት ይዘሽልኝ መጣሽ?»

«አሻንጉሊት ነው» አለች። «ግን ክር ይጎትታል። ከእርስዎ የምፈልገው የመረብ ክር ነው፤ ቀጭኑን።»

ክሩን አንድ ዓሣ አጥማጅ አመጣ። አንድ ሌላ ሰው «ክር ምን ያደርጋል፤ አንዴውኑ ሲባጎውን እሰሩበት» አለ። ደብረወርቅ ሲባጎውን በአንድ እጇ፣ ክሩን በሌላው ያዘች። «ሲባጎው ውሃ ሲጠጣ ከሄሊኮፕተሩ ይከብዳል። ክሩ ይለፍ፤ ክሩ ሲባጎውን ይጎትታል፤ ሲባጎው ገመዱን ይጎትታል።» ክሩን ሰፌድ ላይ እንዳይወሳሰብ አድርጋ በቀለበት በቀለበት ዘረጋችው። ጫፉን ከሄሊኮፕተሩ ሆድ፣ ከእግሮቹ መካከል አሰረችው፤ የኋላው ሽክርክሪት እንዳይነካው ትንሽ ብሎን አንጠለጠለችበት።

አያልነህ አስነሣው። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሄሊኮፕተሩ ክሩን እየጎተተ ቦዩ ላይ ወጣ፤ ክሩ ከሰፌዱ ላይ እየተፍታታ ይከተለዋል። መሐል ሲደርስ ግን ክሩ ረግቦ ውሃውን ነካ። ጎርፉ ክሩን ያዘና ወደ ታች ወሰደው። ሄሊኮፕተሩ አፍንጫው ወደ ውሃው ተደፋ። አያልነህ ጉልበት ጨመረለት።

«አይታገሉት! ይመልሱት!» ብላ ጮኸች።

ተንገዳግዶ ተመለሰና ጭቃው ላይ ወደቀ። ከማዶ ልጅቱ ስታለቅስ ይሰማል። ደብረወርቅ ሄሊኮፕተሩን አነሣች፤ ክንፉ ደህና ነው። ሰዓቷን ዐየች፤ ሦስት ደቂቃ ሄዷል። ቴስተሯን ነጩ ሶኬት ላይ አስነካች። ሦስቱም ሴሎች አሁንም እኩል ነበሩ፤ ግማሹን ጨርሰዋል፣ ግማሹ አለ።

«እንግዲያ ባትሪውን ሙዪው!» አሉ አያ ማሩ። «መሐል ላይ ጨርሶ ቢወድቅስ?»

«ልሙላው ካልኩ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።» ወደ ጉና ተራራ በኩል አመለከተች፤ ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። «ዝናቡ ይቀድመናል። ዝናብ ከመጣ አይበርም።»

ውሃው ውስጥ ቢወድቅ ሁለተኛ ዕድል የለም። ሆኖም ቁጥሩን ታውቀዋለች፤ ባሕር ዳር ሴሎቹን አንድ በአንድ የለካቻቸው፣ ሜዳው ላይ ሰባቱን ደቂቃ የቆጠረችው እሷ ናት። ባትሪውን ከማንም በላይ ታምነዋለች። የተሳሳተው ባትሪው ሳይሆን አካሄዱ ነበር፤ እሱን ደግሞ ማስተካከል ይቻላል።

«ጋሼ፣ ሁለት ነገር እንለውጥ» አለች። «ክሩን ከመኪናው ጣራ ላይ እንልቀቀው፤ ከፍ ካለ ውሃውን አይነካም። መኪናውን ወደ ውሃው ላይኛ በኩል እናርቀው፤ ከዚያ ነፋሱ ወደ እሷ ነው የሚገፋ። ሌላው ደግሞ፣ አይመለስም።»

«እንዴት አይመለስም?»

«የመሄጃውን ብቻ ነው ከባትሪው የምንጠይቅ። እዚያው ጉብታው ላይ ያሳርፉት። መመለሱን ታንኳው ያመጣዋል።»

አያልነህ አንድ አፍታ ዐያትና «እሺ» አለ። ፒክ አፑን አንቀሳቀሰ። ደብረወርቅ ሰፌዱን ይዛ ጣራው ላይ ወጣች፤ በላቸው ጋቢውን ጥሎ አብሯት ወጣና ክሩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘላት። አያ ማሩ ወደ ውሃው ዳር ሄደው በሙሉ ድምፃቸው ተጣሩ፤

«ውባንቺ! ልጆችሽን ይዘሽ ከዛፉ ጀርባ! ክንፉ እስኪቆም እንዳትነኪው!»

ሄሊኮፕተሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተነሣ። አሁን አያልነህ ወደ ላይ ከፍ አደረገው፤ ነፋሱ ሲገፋው አልተከላከለም። ክሩ ከውሃው በላይ እንደ ሸረሪት ድር ተወጠረ። ደብረወርቅ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ «አንድ ደቂቃ... አንድ ተኩል...» መሐሉን አለፈ። የሾላውን ቅርንጫፍ በአንድ ክንድ ልዩነት ዞረ። «ሁለት ደቂቃ።» ላሞቹ ደንብረው ሸሹ። ጉብታው ላይ ሣሩ ተኛ፤ ሄሊኮፕተሩ ትንሽ ተንገዳገደና በአንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ ዐረፈ። ክንፉ ቆመ።

ሁሉም ውባንቺን ያያል። ውባንቺ ከዛፉ ጀርባ ወጣች፤ ክሩን በጥንቃቄ ፈታችና መሳብ ጀመረች። ሲባጎው ተከተለ። ከሲባጎው በኋላ ወፍራሙ ገመድ ውሃው ላይ እንደ እባብ እየተጥመለመለ ሄደ። ገመዱን ሾላው ግንድ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥማ አሰረችው፤ ከወዲህ ደግሞ ፒክ አፑ ላይ ታሰረ።

በላቸው በሁለተኛው ታንኳ ላይ ወጥቶ ገመዱን በእጁ እየሳበ ተሻገረ። ጎርፉ ታንኳውን ሊያዞረው ይገፋል፤ ገመዱ ግን አላስነካም። መጀመሪያ ልጆቹን አመጣ። አያ ማሩ እስከ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ገብተው ተቀበሏቸው። በሁለተኛው ምልልስ ውባንቺ መጣች፤ ሄሊኮፕተሩን በነጠላዋ ጠቅልላ አቅፋዋለች። ላሞቹን በሦስተኛው፣ አንገታቸው በገመድ ተይዞ፣ በዋና አሻገሯቸው። የመጨረሻዋ ላም ስትወጣ ዝናቡ ደረሰ።

ደብረወርቅ መጀመሪያ ያደረገችው ባትሪውን መንቀል ነበር። ለካችው። ሰባተኛዋ ደቂቃ ሳትነካ ነበረች።

ሁሉም የአያ ማሩ ቤት ገብተው እሳት ዳር ሲቀመጡ ሽማግሌው ከደብረወርቅ አጠገብ መጥተው ተቀመጡ። እሳቱ ላይ እንጨት ጨመሩ።

«አባትሽ ማረሻ ሲሠራልኝ በሬዬን ካላየሁ ብሎ እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር» አሉ። «ደጅ ነው ያቆምኩት። ግባ አላልኩትም።»

«አውቃለሁ» አለች ደብረወርቅ። «አብሬው ነበርኩ።»

አያ ማሩ ትከሻቸው ላይ የነበረውን ደረቅ ጋቢ አወለቁና አለበሷት። እሷም ብርዷት ስለነበር ተከናነበችው። ከዚያ ወዲህ ወረታ ገበያ በወጡ ቁጥር ሱቋ ገብተው ሳይቀመጡ አይመለሱም።

ጥቅምት ላይ ሄሊኮፕተሩ ወፉን አባረረ፤ አያልነህ እንዳለው አገር ለቆ አልሄደም፣ ግን ከማሳቸው ራቀ። በኅዳር ባሕር ዛፍ ላይ ተጋጭቶ ጭራው ተሰበረ። አያልነህ እስካሁን የጭራውን ዕቃ እያፈላለገ ነው።

በዚያው ኅዳር ቀበሌው የጎርፍ ጉዳይ ስብሰባ ጠርቶ ደብረወርቅን ጋበዛት። አዳራሹ ሞልቷል። ሊቀ መንበሩ አመሰገናትና፣ ለሚቀጥለው ክረምት ሌላ ሄሊኮፕተር ቢገዛ ምን ዓይነት፣ ከምን ባትሪ ጋር እንደሚሻል እንድትመርጥላቸው ጠየቃት። ሰው አጨበጨበ።

ደብረወርቅ ተነሣች።

«ሄሊኮፕተር አያስፈልጋችሁም» አለች። ጭብጨባው ቆመ። «ያን ቀን ሄሊኮፕተር ያስፈለገን ገመድ አስቀድመን ስላልዘረጋን ነው። ውሃው በየት በኩል እንደሚሰብር እዚህ ያሉት ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ሰኔ ሳይገባ በየጉብታው ሾላና ዋንዛ ላይ ገመድ አስራችሁ አሻግሩ። ታንኳም ከወዲያም ከወዲህም ይኑር። ይኼ ቻርጅ አይፈልግም።»

ሊቀ መንበሩ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። አያ ማሩ በትራቸውን መሬት መትተው «እውነቷን ነው» አሉ። ሌሎችም ቀጠሉ፤ የትኛው ጉብታ፣ የትኛው ዛፍ፣ ስንት ክንድ ገመድ የሚለው ክርክር ወዲያው ተነሣ። ደብረወርቅ ቁጭ ብላ ጥቂት አዳመጠች። የሚጠይቋት ነገር እንደሌለ ስታይ፣ «ነገ በስድስት ሰዓት» ያለቻቸው ሦስት ስልኮች ነበሩባትና፣ ነጠላዋን አስተካክላ በጎን በር ወጣች።